እህቴ፣ ስልክ ቁጥሯን በቃልሽ ያዢ

ቤይሩት ከገባሁ በኋላ ሰባት ወር ሙሉ አማርኛ አልተናገርኩም። ማዳሟ ስልኬንና ፓስፖርቴን የወሰደችው በገባሁበት ቀን ነው። ስሜ ስለከበዳት «ማሪያ» አለችኝ። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሰማይ የማየው ልብስ ሳሰጣ ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት አንሶላ እያሰጣሁ ከማዶ ባልኮን ላይ አንዲት ልጅ ስታንጎራጉር ሰማሁ። በአማርኛ! «አበሻ ነሽ?» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ለራሴም ባዳ ሆነብኝ። ልጅቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በይ አለችኝ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ቋጠሮ ካልሲ ወረወረችልኝ። ውስጡ ድንችና ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ነበረ። ድንቹ ካልሲው እንዲከብድላትና እንዲደርስልኝ ነው። ቁጥሩን በቃሌ ያዝኩና ወረቀቱን ቀዳድጄ ጣልኩት። ይኸው ዛሬም፣ ከ16 ዓመት በኋላ፣ ከእናቴ ቁጥር ቀድሞ አፌ ላይ የሚመጣው እሱ ነው።

አረብ አገር ላለሽ እህቴ፣ በተለይ ገና ዓመት ላልሞላሽ፣ የምመክርሽ ከዚህ ይጀምራል። የአንዲት እህት ስልክ ቁጥር በቃልሽ ያዢ። ስልክሽ ውስጥ ያለ ቁጥር ስልክሽ ሲነጠቅ አብሮ ይሄዳል። የፓስፖርትሽን፣ የኮንትራትሽንና የኢቃማሽን (የመኖሪያ ፈቃድሽን) ፎቶ ላኪላት። የምትሠሪበትን ቤት ሎኬሽን ላኪላት። አንድ የምትግባቡበት ቃልም ይኑራችሁ። እኔና የባልኮኗ ልጅ «ሽሮው አለቀ» ካልን ነገር ተበላሽቷል ማለት ነበር። ማዳም አጠገብሽ ቆማ ብትሰማሽ እንኳ ስለ ሽሮ የምታወሪ ነው የሚመስላት።

ራስን መውደድ ሲባል ለብዙዎቻችን ቅንጦት ይመስለናል። ያደግነው ለታናናሾቻችን እያጎረስን ነዋ። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ደመወዜን እንዳለ ላክሁ። የክረምት ጫማ ሳልገዛ፣ ጥርሴ እያመመኝ። ለእረፍት አገር ቤት ስገባ ይሠራልሻል የተባልኩት ቤት መሠረቱ እንኳ አልወጣም ነበር። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ብሩ ለሠርግ፣ ለሕክምና፣ ለዘመድ ለቅሶ ሄደ። እኔ ግን በስሜ አንድ ሳንቲም አልነበረኝም። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት ለብሩ አልነበረም። ለራሴ ምንም አለማሰቤ ነው ያስለቀሰኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ በራስሽ ስም የባንክ ሒሳብ ይኑርሽ። ገንዘቡ እዚያ ይግባ፤ ለቤተሰብ ከዚያ ላይ ስጪ። ውክልና ስትሰጪ ለምን ጉዳይ እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ። ሙሉ ውክልና ለማንም እንዲሁ አትስጪ፣ ለእናት ልጅም ቢሆን። በየወሩ ከምትልኪላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስምሽን ጻፊ፣ ከላይ። ደግሞ ቁጭ ብለሽ ብዪ። ከማዳም የተረፈውን ማጠቢያው አጠገብ ቆሞ መጉረስ አካልን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። እኔ ለራሴ ሳህን ለይቼ፣ አምስት ደቂቃም ብትሆን ተቀምጬ መብላት የጀመርኩ ቀን አንድ ነገር ቀና አለልኝ።

እምነትስ? እኔን በሕይወት ያቆየኝ እሱ ነው፤ በግልጽ እናገራለሁ። በዚያ ቤት «ማሪያ» ነበርኩ። ማታ ግን በሩን ዘግቼ ስጸልይ በክርስትና ስሜ እራሴን እጠራለሁ። ስሜ በቀን አንዴ፣ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይጠራ ነበር። ረቡዕና አርብ አይቡን ስመልስ ማዳሟ ትቆጣለች። እኔ ግን አልበላሁም። በዚያ ቤት በራሴ የምወስነው አንድ ነገር ጾሜ ነበር። የባልኮኗ ልጅ ደግሞ ሙስሊም ናት። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ፎጣ አንጥፋ ትሰግድ ነበር። ማሽኑ ሲጮህ ማንም አይሰማኝም ትላለች።

ነገር ግን እምነትን ዝም ማሰኛ የሚያደርጉትን አልወድም። «ቻይው፣ ፈተና ነው» ይሉሻል። ናፍቆት ይቻላል። የሥራ ብዛትም ይቻላል። ዱላ፣ የደመወዝ ክልከላ፣ የባልየው ሌሊት በርሽን ማንኳኳት ግን ወንጀል ነው። ፈጣሪ እንዲህ ያለውን ተሸከሚ ያለሽ አይምሰልሽ። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ወረቀትሽ ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ያለ ስምምነት ከቤት ከወጣሽ ሕገ ወጥ ትባያለሽ። ይህን አውቀሽ ተዘጋጂ። ዕቃሽን ከማንሳትሽ በፊት ለእህትሽ ደውዪ፣ ወዴት እንደምትሄጂ እወቂ። ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ሳትጠብቂ ውጪ።

እኔም አንድ ሌሊት ወጣሁ። ቁጥሩን ደወልኩ። «ሽሮው አለቀ» ብቻ አልኳት። እሷ ያኔ ዶራ የሚባል ሰፈር አካባቢ ከአምስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር። ታክሲ ከፍላ ተቀበለችኝ። ሰባተኛዋ እኔ ሆንኩ። ፍራሹ ሦስት ነው፤ በፈረቃ ተኛን። ማንም «ምን አድርገሽ ነው የወጣሽው?» አላለችኝም። ይህን ነው እህትነት የምለው። ሐሜት አገር ቤት ድረስ ደርሶ የስንቱን እናት ልብ እንደሰበረ አይቻለሁ። ያረገዘችውን፣ ባዶ እጇን የተመለሰችውን፣ አእምሮዋ የታወከባትን ልጅ መጀመሪያ የምንጥላት እኛው ሆነን እናውቃለን። ይሄ ያመኛል።

ደግነታችንንም አይቻለሁ። 1 ዶላር በ1,500 የሊባኖስ ሊራ ይመነዘር የነበረበት ዘመን ሲያልፍና ሊራው ሲወድቅ፣ ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ አቆሙ። በግንቦትና ሰኔ 2012 ልጆቻችንን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እየጣሉ ሄዱ። አስፋልት ላይ ያደሩትን እንጀራና ብርድ ልብስ ይዘን ሄድንላቸው። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ወደቡ ሲፈነዳ ክፍላችን ውስጥ አንድም መስታወት አልቀረም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የእስራኤልና የሂዝቦላህ ጦርነት ሲበረታ አሠሪዎች ቤት ዘግተውባቸው ወይም መንገድ ላይ ጥለዋቸው የሸሹ ልጆች ነበሩ። ቤይሩት ያለው የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በሩን ከፈተላቸው። «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባለው ማኅበርም ቤይሩት ውስጥ በነበሩ የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን እ.ኤ.አ. በ2017 የተመሠረተ ነው። አስቤዛ ሲያከፋፍል፣ የቤት ኪራይ ሲከፍል፣ ሰው ወደ አገሩ ሲያስገባ ቆይቷል። ያቋቋሙት እንደ አንቺና እንደ እኔ ወለል የወለወሉ ሴቶች ናቸው።

የግድ ማኅበር መመሥረት የለብሽም። አራት ሆናችሁ ዕቁብ ጀምሩ። እኛ ዕጣውን መጀመሪያ የምንሰጠው ለታመመች ወይም ቲኬት ለምትቆርጥ ነው፣ ሳናወጣ። እሁድ እረፍት ካለሽ ተኝተሽ አትዋዪ። ቡና ወዳለበት ሂጂ። እረፍት የሌላትን ደግሞ ማታ ማታ በድምፅ መልእክት «እንዴት ዋልሽ?» በያት። ሁለት ቀን ካልመለሰች ዝም አትበይ፣ ለሌሎቹ ንገሪ።

የባልኮኗ ልጅ አገሯ ገብታለች። ደሴ ትንሽ ሱቅ አላት፣ ሁለት ልጆችም ወልዳለች። ቁጥሯ ተቀይሯል፤ አዲሱንም በቃሌ ይዤዋለሁ። ባለፈው እሁድ ስደውልላት ገና ሃሎ ሳልል «ሽሮው አለቀ እንዴ?» አለችኝ። «አላለቀም» አልኳት። ሁለታችንም አለቀስን።