ወንድሜ በፕሪንተር የሚሠራ ኩላሊት ቢጠብቅስ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የታላቅ ወንድሜ ኩላሊት ሥራ አቁሞ እጥበት ከጀመረ ስምንት ወር ሆነው። እኔ 27 ዓመቴ ነው፣ ገና አላገባሁም። አንዱን ኩላሊቴን ልሰጠው ቆርጫለሁ። እናታችን ግን አንድ ሐኪም መድረክ ላይ በማሽን የታተመ ኩላሊት ይዞ የሚያሳይ ቪዲዮ አይታ «ይኸው መጥቷል፣ ሁለታችሁንም በአንድ ቀን ለቢላዋ አልሰጥም» ብላ ያዘችኝ። ብንጠብቅ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ አትጠብቁ።

እናትሽ ያዩት የዶክተር አንቶኒ አታላን ንግግር ሳይሆን አይቀርም። አሜሪካ ውስጥ ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ነው የሚሠሩት፣ ንግግሩም እ.ኤ.አ. የ2011 ነው። በእጃቸው የያዙት የኩላሊት ቅርጽ ያለው ናሙና እንጂ ደም የሚያጣራ ኩላሊት አልነበረም። ያኔ አንዳንድ ዜናዎች እውነተኛ ኩላሊት ነው ብለው ስለጻፉ ዩኒቨርሲቲው ማስተካከያ ሰጥቷል። በዚያው መድረክ ላይ ከራሱ ሴል የተሠራ የሽንት ፊኛ የተተከለለት ወጣትም ቀርቦ ነበር፣ እሱ እውነት ነው፤ ፊኛ ግን ሽንት የሚያጠራቅም ከረጢት ነው፣ ከኩላሊት ጋር አይወዳደርም። ማስተካከያው ተረስቶ ቪዲዮው ብቻ መዞሩ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የሚደርሰው እንደ እናንተ የጨነቀው ቤት ነው።

የእናትሽ ተስፋ ግን መሠረት የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የአየር ቧንቧው እየተደፈነ ትንፋሽ ያጥረው ለነበረ ሕፃን በስሪዲ ፕሪንተር፣ ማለትም ዕቃን በስስ ንብርብር እየደረበ በሚሠራ ማሽን፣ ትንሽ ደጋፊ ቱቦ አትመው ቧንቧውን ከውጭ ደግፈውለታል። ቱቦው በሦስት ዓመት ገደማ ሰውነት ውስጥ ሟሙቶ እንዲጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። የራስ ቅልና የመንጋጋ አጥንትም እየታተመ ይተካል። እነዚህ ሁሉ ሥራቸው መደገፍ ነው።

ኩላሊት ሌላ ነው። አንዱ ኩላሊት ብቻ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ኔፍሮኖች አሉት፣ እያንዳንዱም እንደ ደቃቅ ወንፊት ሆኖ የራሱ የደቃቅ ደም ስሮች ጥቅል አለው። ሴል ደግሞ ከደም ስር 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ከራቀ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል። ስለዚህ ቅርጹን ማተም ቀላሉ ነው፣ ጭንቁ ከፀጉር የቀጠኑትን የደም ስሮች አትሞ ከትልቁ ጋር ማገናኘት፣ ግፊቱን እንዲችሉ፣ ደም እንዳይረጋባቸው ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ከሰው ሴል ያተመው ልብ እንኳ የጥንቸል ልብ የሚያህል ነበር፣ ሴሎቹ ይኮማተራሉ፣ እንደ ልብ ግን ደም አይረጩም።

ለእናትሽ ይህንንም ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ለንደን ውስጥ አባት ለትንሽ ልጁ ኩላሊቱን ሲሰጥ ሐኪሞቹ የአባትየውን ኩላሊትና የልጅቷን ሆድ በፕሪንተር አትመው፣ የትልቅ ሰው ኩላሊት እዚያ ሆድ ውስጥ ይገባ እንደሆነ አስቀድመው ለክተዋል። የተተከለው ግን የአባቷ ኩላሊት ነው።

አሁን ስላንቺ። እናትሽ መፍራታቸው ልክ ነው፣ አደጋ የሌለው ቀዶ ጥገና የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ በወጣ ትልቅ ጥናት በቀዶ ጥገናው ሳቢያ የሞተው ለጋሽ ከ10,000 ሰው 3 ገደማ ነበር። የቀረው ኩላሊት ሥራውን ጨምሮ ይሸከማል። አንቺ ገና ስላልወለድሽ ግን አንድ ነገር እወቂ፦ በካናዳ ጥናት በለጋሾች እርግዝና ላይ የደም ግፊት ችግር 11 በመቶ፣ ባልለገሱት 5 በመቶ ታይቷል። ብዙዎቹ በሰላም ወልደዋል፣ ክትትሉ ግን ጠበቅ ማለት አለበት። ይህን ሳይነግርሽ ፊርማ የሚጠይቅሽ ካለ ቆም በይ።

አገራችን ውስጥ ከዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፣ በሥልጠናም ያገዘው ያው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። እጥበት ላይ በቆየ ቁጥር ልብና የደም ስር ይጎዳል፣ በኋላ የሚተከለው ኩላሊት ዕድሜም ያጥራል፣ ስለዚህ ምርመራውን አሁኑኑ ጀምሩ። የደም ዓይነት፣ የቲሹ መጣጣም፣ ስኳር፣ ግፊት፣ የራስሽ ኩላሊት ጤና ይታያል። ውጤቱ «አትችይም» ሊልሽም ይችላል። ሐኪሙን ለብቻሽ አነጋግሪ፤ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሐሳብሽን መቀየር መብትሽ ነው። ወንድምሽ በሚቀጥለው እጥበቱ ቀን ሪፈር እንዲጽፉለት ይጠይቅ፣ ቀጠሮው ሲደርስም እናትሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ፍርሃታቸውን ራሳቸው ለሐኪሙ ይንገሩት።