መኪናው የት ነው የሚያድረው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የምሠራው ዲሲ መሀል ነው። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት የነዳሁት አንድ ካምሪ ነበር፤ አሁን የትምህርት ዕዳዬን ጨርሻለሁና ደስ የሚለኝን መኪና ልግዛ ብያለሁ። ዓይኔ ያረፈው መርሴዲስ ሲኤልኢ 300 ላይ ነው። ጣሪያው የማይከፈተው ባለ ሁለት በሩ፣ ኩፑ፣ አለ፤ ጣሪያው የሚከፈተውም አለ። ባለቤቴ ክፍቱን ካየች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። እኔ ግን በየቀኑ ሥራ ለመሄጃ ይሆናል ወይ እያልኩ ሐሳብ ገብቶኛል። የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ሌላ መኪና የለንም፤ የምናቆመውም መንገድ ዳር ነው። የቱን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። ከዕዳ ወጥቶ የሚገዛ መኪና ደስታው ሌላ ነው።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ የያዘችኝ "የምናቆመው መንገድ ዳር ነው" የምትለዋ ናት። ሰው ስለ ሞተሩ፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ዋጋው ይጠይቀኛል። መኪናው የት እንደሚያድር የሚነግረኝ ግን ጥቂት ነው። ጣሪያው ለሚከፈት መኪና ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። ላንተ ኩፑን እመክርሃለሁ።

ይህን ስል ባለቤትህ ተሳስታለች ማለቴ አይደለም። ክፍት መኪና ይበርዳል፣ ይጮኻል፣ ለበጋ ብቻ ነው የሚባለው ወሬ የድሮ ነው። የሲኤልኢው ጣሪያ ሸራ ቢሆንም ድርብርብ ነው፤ ድምፅና ብርድ የሚከላከል ንጣፍ አለው። ተዘግቶ ከተማ ውስጥ ስትነዳው ከኩፑ ብዙም አይለይም፤ ልዩነቱ የሚሰማህ ሀይዌይ ላይ ከትልቅ የጭነት መኪና ጎን ስትሆን ነው። ጣሪያው በ20 ሴኮንድ ይከፈታል፣ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር፣ በእናንተ 37 ማይል ገደማ፣ እየነዳህም ይሠራል። ቀይ መብራት ላይ ቁልፏን ከተጫንክ መብራቱ ሳይለወጥ ሰማዩን ታያለህ። ከወንበሩ አንገትህ ላይ ሞቅ ያለ አየር የሚነፋ ነገርም አለ፣ ኤርስካርፍ ይሉታል፤ መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ2004 ኤስኤልኬ በሚባለው ክፍት መኪናው የጀመረው ነው። ኦክቶበር ማታ ጃኬት ለብሰህ፣ የጎን መስኮቶቹን ዘግተህ፣ ጣሪያውን ከፍተህ፣ ያ ሙቀት ማጅራትህ ላይ ሲያርፍ ያለውን ስሜት የትኛውም ኩፕ አይሰጥህም። እኔም ስድስት ዓመት ክፍት መኪና የነዳሁት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ማደሪያው። የኔዋ ለሁለት ዓመት የምታድረው መንገድ ዳር፣ አንድ የሜፕል ዛፍ ሥር ነበር። ቅጠል በረገፈ ቁጥር በእጄ ጠረግ አድርጌ እሄዳለሁ። በሁለተኛው ዓመት ሌሊቱን ዘንቦ ባደረ ጠዋት በሩን ስከፍት የእርጥብ ጆንያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የሹፌሩን ወንበር ወደ ፊት ስቤ የኋላውን ምንጣፍ በእጄ ብጫነው ውሃ በጣቶቼ መሀል ወጣ። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ጣሪያው አርጅቷል፣ ሙሉውን መቀየር አለብህ አሉኝ። ዋጋው በሺዎች የሚቆጠር ነበር። አላመንኩም፣ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ጣሪያውን ግማሽ ከፍቶ አቆመው፣ በጎኑ ባለው ቦይ እጁን ሰደደና አንድ ጭብጥ የበሰበሰ ቅጠል አወጣ። ጥቁር፣ እንደ ጭቃ የሆነ። የውሃ መውረጃው ቱቦ በቅጠል ስለተደፈነ ነው ውሃው ወደ ውስጥ የገባው። ጣሪያው ምንም አልሆነም ነበር።

ዛፍ ሥር የሚያድር ክፍት መኪና ይህን ቱቦ ቢያንስ በዓመት ሁለቴ ማስጠረግ አለበት። በዚያ ላይ ኤፕሪል ላይ እናንተ አካባቢ ቢጫው የአበባ ብናኝ ሁሉን ነገር ሲሸፍን የሸራው ስፌት ውስጥ ይገባል። በብሩሽ የሚያጥበው የመኪና ማጠቢያም አይመከርም። ሸራው እርጥብ ሆኖ ታጥፎ ካደረ ደግሞ ይሻግታል። ሌባውም አለ። ሸራን ለመቅደድ አንድ ቢላ ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ ከተወሰደው ዕቃ ይልቅ የተቀደደው ጣሪያ ነው የሚያከስረው። የቤት ጋራዥ ቢኖርህ ኖሮ ከዚህ ሁሉ አብዛኛው አይነካህም ነበር።

ዋጋውን አጭር ላድርገው። በ2024 አሜሪካ ሲገቡ የ300ው ኩፕ መነሻ 56,500 ዶላር ነበር፣ ክፍቱ 64,350፣ የማጓጓዣውን ሳይጨምር። ልዩነቱ 7,850 ዶላር ነው። ሞተሩ ግን አንድ ነው፤ 2.0 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር ቱርቦ፣ 255 የፈረስ ጉልበት። እንዲያውም ክፍቱ ቋሚ ጣሪያ ስለሌለው ወለሉ ተጨማሪ ብረት ይደረግለታል፣ ይከብዳል፣ ትንሽም ይዘገያል።

የትራንኩን ነገር ግን አትለፈው። የኩፑ 420 ሊትር ነው። የክፍቱ ተዘግቶ 385፣ ጣሪያው ሲታጠፍ 295 ነው፣ ምክንያቱም ጣሪያው የሚገባው እዚያው ትራንክ ውስጥ ነው። ቁጥር ምንም ካልነገረህ የዋሽንግተኑን ዳለስ ኤርፖርት አስብ። እናትህ ወይም አማትህ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ሁለት ሻንጣ ይዛ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ በርበሬና ሽሮ የታጨቀ። ኩፑ ላይ አንዱ ትራንክ ይገባል፣ ሌላውን የኋላ ወንበር አጥፈህ ትገፋዋለህ። ክፍቱ ላይ ጣሪያውን ዘግተህም ትታገላለህ። ባለቤትህና ልጅህም አብረው ከመጡ በሁለቱም አይሆንም፣ ያኔ ታክሲ መጥራት ነው።

ስለ ልጅህ አልዋሽህም፣ ኩፕም የቤተሰብ መኪና አይደለም። ሁለቱም ባለ አራት ሰው፣ ባለ ሁለት በር ናቸው። ጠዋት ልጅቷን ለማስገባት የፊቱን ወንበር አጥፈህ፣ ወገብህን ሰብረህ፣ አንገትህን አስገብተህ ቀበቶ ታስራለህ። በሩ ረጅም ነው፣ ጠባብ ፓርኪንግ ውስጥ ጎንህ ሌላ መኪና ካለ እስከ ዳር አይከፈትም። እዚህ ላይ ክፍቱ ይበልጣል ብዬ ስናገር ብዙ ሰው ይገርመዋል፤ ጣሪያውን ከፍተህ ቀጥ ብለህ ቆመህ ነው የምታስራት። ግን ሲነዳ ነፋሱ የሚበረታው ኋላ ነው፣ ፊት ያሉት ሳይሰማቸው የልጅቷ ፀጉር ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ደህንነቱንም እወቀው። ክፍቱ መኪና ሲገለበጥ ከኋላ ወንበሮቹ ጀርባ ብረት ብድግ ብሎ ጭንቅላትን እንዲከላከል ተሠርቷል። ሆኖም የአሜሪካ የጣሪያ ጥንካሬ ደንብ ክፍት መኪኖችን አይመለከትም። ልጅ ለሚጭን ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይመስለኝም።

ሌላው በየቀኑ የሚገጥምህ ነገር እይታ ነው። 395 ሀይዌይ ላይ ስትገባ በትከሻህ ዞር ብለህ ታያለህ አይደል? ኩፑ ላይ መስታወት ባለበት ቦታ ክፍቱ ላይ ወፍራም የሸራ ጥግ ነው ያለው። በስፖኪዮና በካሜራው ትለምደዋለህ፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። የጃንዋሪው በረዶ ሁለቱንም እኩል ነው የሚይዛቸው፤ የበሩ መስታወት ፍሬም ስለሌለው በሩ ሲከፈት ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፣ በረዶ ከያዘው አይወርድም። በጉልበት አትጎትተው፣ ማሞቂያውን ቀድመህ አስነሳ።

ከመፈረምህ በፊት ልጅቷንም መቀመጫዋንም ይዘህ ሻጩ ጋ ሂድ፣ እዚያው አስረህ ፍታ፣ ሦስት ጊዜ ድገመው። ኩፑን በመስታወት ጣሪያው ውሰደው። ለባለቤትህ ደግሞ ኦክቶበር ላይ ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ክፍት መኪና ተከራይና በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ወንዙን ተከትላችሁ እስከ ማውንት ቨርነን ውረዱ። ጋራዥ ያለው ቤት የገባችሁ ዕለት ደግሞ ጻፍልኝ፣ ያኔ የምመክርህ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ዱባይ ነኝ። ጣሪያው የሚከፈት ያገለገለ ቢኤምደብሊው 4 ሲሪስ በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ። ጓደኞቼ በዚህ ሙቀት ምን ይሠራልሻል ይሉኛል። ትስማማላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ አልስማማም። እውነት ነው ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ጣሪያውን አትከፍቺውም፣ ያ ሙቀት አይቻልም። ከኖቬምበር እስከ ማርች ግን ማታ ማታ እንደ ዱባይ ለክፍት መኪና የሚመች ከተማ ጥቂት ነው። ፎቅ ላይ የምትኖሪ ከሆነና መኪናሽ ምድር ቤት ፓርኪንግ የሚያድር ከሆነ ፀሐይም አሸዋም አያገኘውም፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሞዴሉን ግን አጣሪ። እስከ 2020 የተሠራው ጣሪያው ጠንካራ ላሜራ ነው፣ ሲታጠፍ ትራንኩን ይሞላዋል፣ ሲበላሽም መጠገኛው ይከብዳል። ከዚያ ወዲህ ያለው ወደ ሸራ ተመልሷል፤ ጣሪያው ከድሮው 40 በመቶ ያህል ይቀላል፣ በ10 ሴኮንድ ይከፈታል። ከመግዛትሽ በፊት አምስት ጊዜ ክፈቺ፣ ዝጊ። ድምፁን ስሚ። አንዴም ቢሆን መሀል ላይ ካመነታ ተይው።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ጠቅልዬ አገሬ ልገባ ነው። አሁን የገዛሁትን የቤንዚን ኩፕ አዲስ አበባ ይዤው ብገባስ?

መልስ፦ ያ አይታሰብም። ኢትዮጵያ በራሷ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ የሚገባው የኤሌክትሪክ ነው። የቤንዚኑን እዚያው ሽጠው፣ ገና ኪሎ ሜትሩ ሳይበዛ።