ለኮራል አኳሪየም አስቀድሞ የሚገዛውና ሊቆይ የሚችለው ዕቃ

ባለ 200 ሊትር የጨው ውኃ አኳሪየም ውስጥ ኮራል ለማኖር የትኛው ዕቃ የግድ እንደሆነ ለጠየቁት ጥያቄ፣ እኔ የማስቀድመው የውኃ ማጣሪያውን ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪንና ፎስፌት፣ አንዳንዴም መዳብ ስለሚይዝ፣ መዳብ ደግሞ በጥቂቱም ቢሆን ኮራልንና ሌሎች አከርካሪ አልባ እንስሳትን ስለሚገድል፣ የባሕር ጨው የሚበጠበጥበት ውኃ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ (ውኃን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ በሚያጠራ መሣሪያ) ያለፈ መሆን ይኖርበታል። ጨዋማነቱን በአንድ ኪሎ ግራም ውኃ 35 ግራም ገደማ ላይ ለማቆየት ሪፍራክቶሜትር (ብርሃን በውኃው ውስጥ ሲታጠፍ በማየት ጨዋማነትን የሚለካ መሣሪያ) ይግዙ፤ ባለ ቀስት የፕላስቲክ መለኪያዎች የአየር አረፋ ሲይዛቸው ስለሚያሳስቱ አልመክራቸውም።

ሙቀቱን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠብቅ ማሞቂያ፣ ውኃውን የሚያንቀሳቅሱ ፓምፖችና ሰማያዊ ብርሃን የሚያመዝንበት የኤልኢዲ መብራትም የግድ ናቸው፤ ለገበያ የሚቀርቡት አብዛኞቹ ኮራሎች የሚኖሩት በዋናነት በአካላቸው ውስጥ ያሉ አልጌዎች በብርሃን ከሚያዘጋጁት ምግብ ነውና።

ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻን በአየር አረፋ ከውኃው የሚያወጣ መሣሪያ) ጠቃሚ ቢሆንም፣ ዓሦቹ ጥቂት ከሆኑና ከውኃው አሥር በመቶውን በየሳምንቱ ከቀየሩ ሊቆይ ይችላል። ኮራሎች አጽማቸውን የሚሠሩበትን ካልሲየም ለውኃው የሚሰጠው የካልሲየም ሪአክተርም ባለ አጽም ኮራሎች እስኪበዙ ድረስ አያስፈልግም። የተነነውን ውኃ በራሱ የሚተካው መሣሪያ ግን፣ በአማራጭነት ቢመደብም፣ ውኃው ሲተን ጨው ወደ ኋላ ስለሚቀርና ጨዋማነቱ ስለሚዋዥቅ፣ ከአማራጮቹ ሁሉ በፊት እሱን ቢገዙ ይሻላል።