ሕመሙ ለቀቀኝ ማለት ጥርሱ ዳነ ማለት ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከሰሜን ሸዋ አንባቢዎቻችን ስለ ጥርስ የደረሱንን ጥያቄዎች ለዚህ እትም ሰብሰብ አድርገናቸዋል። የተጠቀሰው የመድኃኒት መጠን ሌላ ሕመም ለሌለበት አዋቂ ሰው ነው። የሕፃናቱንና የነፍሰ ጡሮቹን ለየብቻ ጽፈነዋል።

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከመሐል ሜዳ ነው። የታችኛው ግራ መንጋጋዬ መጀመሪያ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ብቻ ነበር የሚነዝረኝ። ቆይቶ ትኩስ ቡና መጠጣት አቃተኝ፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ እስከ ጆሮዬ እየጠዘጠዘ እንቅልፍ ነሳኝ። ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ገዝቼ አምስት ቀን ዋጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ለቀቀኝ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ዳነልህ» ይለኛል። ደብረ ብርሃን ድረስ መሄድ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ያስፈልግዎታል። የነገሩን ቅደም ተከተል የጥርሱ ነርቭ እየተቆጣ ሄዶ የሞተ መሆኑን ነው የሚያሳየው። ሕመሙ የለቀቀውም የሚያመው ነገር ስለሞተ እንጂ ጥርሱ ስለዳነ አይመስለንም።

የጥርስ የላይኛው ነጭ ሽፋን (ኢናሜል) ስሜት የለውም፤ ሲቦረቦር አያምም። ከሥሩ ያለው ዴንቲን በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ጉድጓዱ እዚያ ሲደርስ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር መንዘር ይጀምራል። ከመሀል ነርቭና ደም ሥር የያዘ ለስላሳ ሥጋ አለ። ሌላ የሰውነት ክፍል ሲቆጣ ያብጣል፤ ይህ ሥጋ ግን ዙሪያውን በጠንካራ ግድግዳ ስለታጠረ ማበጫ ቦታ የለውም። ግፊቱ ነርቩን ይጫነዋል፣ ወደ ውስጥ የሚገባውንም ደም ያንቀዋል። ሲጋደሙ ወደ ራስ የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ሌሊት ይብሳል። በሁለት ትራስ ከፍ ብሎ መተኛት የሚያስታግሰውም ለዚህ ነው።

ደረጃውን ራስዎ ማወቅ ይችላሉ። ቀዝቃዛ ውሃ ተጉመጥምጠው ይትፉና ይቁጠሩ። ሕመሙ በጥቂት ሰከንድ ከጠፋ ነርቩ ገና ደህና ነው፤ ጉድጓዱን አጽድቶ መሙላት ይበቃዋል። በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ይታዩ። ከግማሽ ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ትኩስ ነገር ካባሰው ወይም ምንም ሳይነካው ከተነሳ ነርቩ ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ እንዲህ ያለውን ከቀናት በላይ ማቆየት አይገባም። ውሃ በሃይላንድ ይዞ በየደቂቃው እየተጎነጨ ክሊኒክ የሚደርስ ሰው አለ። ቅዝቃዜው ያስታግስለታል፤ ነርቩ ግን ሊሞት ተቃርቧል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ዝም ይላል፤ እርስዎም ያሉት እዚህ ላይ ነው። ጀርሞቹ ግን በሞተው ነርቭ በኩል በጥርሱ ሥር ጫፍ ወጥተው አጥንቱ ውስጥ ይገባሉ። በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሲያኝኩበት ያምማል፤ ጥርሱ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ይመስላል፤ ድድ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ወጥቶ መጥፎ ጣዕም ያለው ፈሳሽ ያመነጫል። አሞክሲሲሊን ወደ ታመመው ቦታ የሚደርሰው በደም ነው፤ የሞተ ነርቭ ደግሞ ደም ስለማያገኝ ጥርሱ ውስጥ አይገባም። ፀረ ተሕዋሲያን የሚታዘዘው እብጠቱ ሲሰፋ ወይም ትኩሳት ሲኖር ነው፤ ያኔም ቢሆን መግሉን ከማስወጣት ጋር እንጂ በእሱ ፋንታ አይደለም።

ሐኪሙ በራጅ አይቶ ሁለት ምርጫ ይሰጥዎታል፦ ማስነቀል ወይም የሥር ሕክምና። በሥር ሕክምና የሞተው ነርቭ ተጠርጎ ቦዮቹ ይሞላሉ። የታችኛው መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ቦይ ስላለው ሥራው በአንድ ቀን ላያልቅ ይችላል። ካለቀም በኋላ መንጋጋ እንዳይሰነጠቅ ከላይ ሽፋን ቢደረግለት ይመረጣል። ከመሐል ሜዳ ለሚመላለስ ሰው ወጪውና ድካሙ ቀላል ስላልሆነ ሳይጀመር በስንት ቀጠሮ እንደሚያልቅ፣ ጊዜያዊው ሙሌት ስንት ሳምንት እንደሚቆይ፣ ጠቅላላ ዋጋውም ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ጊዜያዊ ሙሌት ከተላቀቀ ምራቅና ጀርም ተመልሶ ይገባል፤ ሕክምናው ከዜሮ ይጀመራል። መመላለስ የማይችሉ ከሆነ ግማሽ መንገድ ላይ ከሚቀር ሕክምና መነቀሉ ይሻላል ብለን በግልጽ እንነግርዎታለን።

እስከዚያው ሕመሙ ከተነሳ ምግብ ከበሉ በኋላ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ካልበቃ ሁለት ባለ 500 ፓራሲታሞል ይጨምሩ። ሁለቱን አብሮ መውሰድ ይቻላል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት አይቡፕሮፌንና ከስምንት ፓራሲታሞል አይለፉ፤ ፓራሲታሞል ከወሰዱ በኋላም ድጋሚ ለመውሰድ ቢያንስ 6 ሰዓት ይቆዩ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም በእንዲህ ያለ መድኃኒት የሚነሳ አስም ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድና ነፍሰ ጡር አይቡፕሮፌን አይነካም። ዲክሎፌናክ የአይቡፕሮፌን ወንድም ስለሆነ ሁለቱ አብረው አይወሰዱም። አረቄ የሚያዘወትር ወይም ጉበቱ የታመመ ሰው በዚህ መጠን ፓራሲታሞል ከመውሰዱ በፊት ባለሙያ ያማክር። ሜትሮኒዳዞል ከታዘዘልዎት ደግሞ ጠላም ጠጅም አረቄም መድኃኒቱ እስኪያልቅና ከዚያም በኋላ ለሦስት ቀን ይቅርብዎት።

የሚከተሉት ሲታዩ ግን ቀጠሮም ገበያ ቀንም አይጠበቅም፦ እብጠቱ ከአገጭ በታች ወይም ከምላስ ሥር ከሆነ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ድምፅ ከታፈነ፣ ዓይን እስኪከደን ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ። ይህ መተንፈሻን ሊዘጋ የሚችል ነገር ነው። ቀንም ይሁን ሌሊት ወደ ጥርስ ክሊኒክ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። በሽተኛውን በጀርባው አያጋድሙት፤ ቁጭ እንዳለ ይጓዝ።

ጥያቄ፦ አማቴ ጥርሷን በታመመች ቁጥር የእንቧይ ፍሬ ወይም የአስተናግር ዘር ፍም ላይ አድርጋ ጭሱን በአፏ ትታጠናለች። ሲያልቅ ከፍሙ አጠገብ ባስቀመጠችው ውሃ ላይ ነጫጭ ትል አሳየችኝ። እውነት ትል ነው? (ከአንኮበር)

መልስ፦ ጥርስ ውስጥ ትል የለም። ጥርስን የሚቦረቡሩት በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ናቸው፤ ከስኳርና ከዱቄት ምግብ አሲድ እየሠሩ ነው የሚበሉት። የእነዚህ ዓይነት ዘሮች በእሳት ሲፈነዱ ከውስጣቸው የተጠቀለለው ነጭ ቡቃያ ይወጣል፤ ቁርጥ ትል ነው የሚመስለው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ማንም ሳይታጠን ዘሩን ብቻውን ፍም ላይ ያድርጉትና ከአጠገቡ ውሃ ያስቀምጡ። «ትሉ» ያለ ታማሚም ይገኛል።

ክርክሩ ላይ ብዙ አይድከሙ፤ አስተናግሩን ግን ዛሬውኑ ያስቁሟት። አስተናግር መርዝ ነው። ሕመሙን ለጊዜው የሚያደነዝዘው ያው መርዙ ሲሆን መጠኑ ትንሽ ሲያልፍ አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ልብ ያስሮጣል፣ ሰውን ያስቀባዥራል። እነዚህ ከታዩባት ሆስፒታል ያድርሷት፤ የዘሩንም ናሙና ይዘው ይሂዱ።

በቤት ውስጥ ማስታገሻ ከተፈለገ ቅርንፉድ በእርግጥ ያደነዝዛል። አንድ ፍሬ ከታመመው ጥርስ አጠገብ ይዞ ለጥቂት ደቂቃ ለስለስ አድርጎ መንከስ ይበቃል፤ ዘይቱን ሳያቀጥኑ ማፍሰስ ግን ድድ ይልጣል። በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥም ጥሩ ነው። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ፣ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ማሰር፣ አረቄ አፍ ውስጥ ማቆየት ሥጋውን ያቃጥላሉ። የባትሪ አሲድ ነገርማ አይነሳ! ጉንጭ ካበጠ ከውጭ በሙቅ ጨርቅ መተኮስ እብጠቱን ያባብሰዋል፤ በቀዝቃዛ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ እየያዙ እየለቀቁ ይቆዩ።

ጥያቄ፦ የደብረ ሲና ቆሎ ስበላ አንድ ጥርሴ እንደ መብረቅ ይወጋኛል። ጉድጓድ ግን የለውም። ራጅ ተነሥቼም ደህና ነው ተብያለሁ።

መልስ፦ የሚወጋዎት ሲነክሱ ነው ወይስ ሲለቁ? ንክሻውን ሲለቁ ከሆነ ጥርሱ ተሰንጥቋል ብለን እንጠረጥራለን። ስንጥቅ ጥርስ ሲነከስ ትንሽ ይከፈትና ሲለቀቅ ይገጥማል፤ ያኔ ነው ነርቩ የሚነካው። ስንጥቁ ቀጭን ከመሆኑም በላይ ራጅ በተነሣበት አቅጣጫ ስለማይገጥም ብዙ ጊዜ አይታይም። ሐኪሙ እያንዳንዱን የጥርስ ጫፍ ለብቻ እያስነከሰ እንዲፈትሽልዎት ይጠይቁ። ባቄላና ሽምብራ ቆሎ እስኪታዩ ድረስ ይቅር፤ የገብሱንም በዚያ በኩል አይቆርጥሙ። ቶሎ ከተደረሰበት በሽፋን ይያዛል፤ ስንጥቁ ሥር ድረስ ከወረደ ግን መንቀል ነው።

ጥያቄ፦ ሹፌር ነኝ። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቼ ጣርማ በርን ስወጣ የላይኛው መንጋጋዬ ይወጥረኛል፤ ስወርድ ይተወኛል። ብርዱ ነው?

መልስ፦ ብርድም ሊሆን ይችላል፤ መስኮት ዘግተው፣ አፍዎንም ገጥመው ከቀጠለ ግን የአየር ግፊት ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ሲሆን ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ዳገት የአየሩ ግፊት አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ በተቦረቦረ ጥርስ ወይም ባልገጠመ ሙሌት ሥር የታፈነ አየር ይለጠጥና ነርቩን ይገፋል። አውሮፕላን አብራሪዎች ይህን ሕመም በደንብ ያውቁታል። ጤነኛ ጥርስ በከፍታ አያምም፤ ስለዚህ ያስመርምሩት።

ሌላው ተጠርጣሪ ሳይነስ ነው። የላይኛ መንጋጋዎች ሥር ከጉንጭ ውስጥ ካለው ባዶ ክፍል ጋር ጎረቤት ነው። ጉንፋን ይዞዎት ከነበረ፣ ሁለት ሦስት ጥርስ አንድ ላይ ካመመዎትና ሲያጎነብሱ ከባሰ ጥርሶቹ ደህና ሊሆኑ ስለሚችሉ «ንቀሉልኝ» አይበሉ።

ጥያቄ፦ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጥርስ ማስነቀል ጽንሱን ይጎዳል ይሉኛል።

መልስ፦ አይጎዳውም፤ ያልታከመ መግል ነው የሚያሰጋው። እንዲያውም ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ለጥርስ ሕክምና ምቹ ነው። የተለመደው የማደንዘዣ መርፌ ይሰጥዎታል፤ ራጅም ካስፈለገ ይነሣሉ። እርጉዝ መሆንዎን መጀመሪያውኑ ይንገሩ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ ወይም ዶክሲሳይክሊን አይውሰዱ።

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ልጄ ተቅማጥ ይዞታል። እናቴ ድዱ ላይ ነጣ ያለ እብጠት አሳይታኝ «ግግ ነው፣ ይውጣለት» ትላለች። (ከእነዋሪ)

መልስ፦ እናትዎ ያዩት እብጠት በእርግጥ አለ፤ ሊወጣ የተዘጋጀ የወተት ጥርስ ነው። የተቅማጡ ምንጭ ግን እሱ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ሕፃን ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፣ እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፤ ጀርሙ የሚገባው በዚያ ነው። ግግ ሲወጣ ድዱ ባልተቀቀለ መሣሪያ ይሰነጠቃል፤ ልጁ ሊደማና ሊመረዝ ይችላል። ከሥር ያለው የቋሚው ክራንቻ እንቡጥም ስለሚጎዳ ሲያድግ ጥርሱ ጠማማ ሆኖ ይበቅላል ወይም ጭራሽ ይቀራል።

ጡቱን አያቋርጡ። አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጠው ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያሉ ይስጡት፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉ። ዚንክ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን ይጨመርለታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ሁለቱም አሰጣጥ ታሳይዎታለች። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ጡት ካልያዘ፣ ከፈዘዘ ወይም ደም ከቀላቀለ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ የተማሪዎች እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። ጥርስ ከነሥሩ ቢወልቅ ምን ላድርግ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ነጩን የላይኛውን ክፍል ብቻ ይያዙ፤ ሥሩን አይንኩ፣ አይፈግፍጉ፣ በሶፍትም አይጥረጉ። ከቆሸሸ በወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ለአሥር ሰከንድ ያህል ያለቅልቁት። ልጁ ከነቃና ከተረጋጋ ጥርሱን ፊቱን ወደ ውጭ አድርገው ጉድጓዱ ውስጥ መልሰው ይግፉትና ንጹሕ ጨርቅ ያስነክሱት። ካልቻሉ ቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ነክረው ይዘውት ይሂዱ፤ ውሃ ውስጥ ወይም በደረቅ ወረቀት ጠቅልሎ መያዝ በሥሩ ላይ ያሉትን ሕይወት ያላቸው ሴሎች ይገድላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከተመለሰ የመያዝ ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ደርቆ አንድ ሰዓት ካለፈው በጣም ይቀንሳል። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን መልሰው እንዳይተክሉት፤ ከሥሩ የሚበቅለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል።