ሌባው ቤት ውስጥ ሰው እንደሌለ በምን አወቀ? ጥያቄና መልስ ስለ ቤት ስርቆት

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ሰው ከተገናኘ ወሬው ያው ነው። «እነ እገሌ ቤት ገቡ አሉ!» ስለዚህ ስለ ቤት ስርቆት የምትጠይቁት ካለ ጠይቁኝ አልኩ። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ ጎረፈ፤ ከሸዋ ሮቢትና ከመሐል ሜዳም መጣ። ለማታውቁኝ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ወንጀል ምርመራ ላይ ነበርኩ፤ አሁን የሰፈሬ እድር ጸሐፊ ነኝ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የማንንም ስም አልጠራሁም።

ከጠባሴ፣ አንዲት እናት፦ ጋሼ፣ እሁድ ቅዳሴ ቆይተን ስንመለስ በሩ ተገንጥሎ አገኘነው። ቴሌቪዥኑን፣ ምጣዱን፣ የልጄን ላፕቶፕ ወስደዋል። በጠራራ ፀሐይ! ሰው እንደሌለ በምን አወቁ?

እግዜር ይተካልዎ እትዬ። የሚያውቁበት መንገድ እኮ ቀላል ነው። ከውጭ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር ቤቱ ባዶ መሆኑን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይናገራል። ቅዳሴ የሚገባበትና የሚወጣበት ሰዓት ደግሞ ይታወቃል። ለቅሶም እንዲሁ ነው፤ የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ሌባውም ይሰማል። ሰው ሁሉ ሌሊቱን ይፈራል እንጂ፣ በእጄ ካለፉት የቤት ስርቆቶች ብዙዎቹ ቀን የተፈጸሙ ናቸው።

ከዚያ በተረፈ ወሬውን የምናቀብለው እኛው ነን። የአዲስ ቴሌቪዥን ካርቶን ደጅ እንጥላለን። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ሄደን፣ ገና ሳንመለስ ፎቶ እንለጥፋለን። ልጆች ሱቅ ሲላኩ «እናቴ አዲስ አበባ ሄዳለች» ይላሉ። ቤት ሰርሳሪ ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣ አይደለም። ቤቱን አንድ ቀን ከውስጥ ያየ ወይም ካየ ሰው የሰማ ነው።

ስለዚህ ከውጭ የማይታይ፣ በሩ ውስጥ የተቀበረ ቁልፍ ያስገጥሙ። ከጎረቤት ጋርም ተራ ይግቡ። እርስዎ ኪዳን ካደረሱ፣ ጎረቤትዎ ቅዳሴ ትሂድ። ለቅሶ ሲኖር እኛ ሰፈር ሁለት ሰው ለጥበቃ ይቀራል፣ እንደ ቀረ ግን አይቆጠርበትም። እዚህ ላይ የተጨቃጨቅነውን አልነግራችሁም።

ከቀበሌ 04፦ የላሜራ በር አሠርቼ ሁለት ጓጉንቸር አድርጌበት ነበር። ምንም አልጠቀመኝም፤ ገቡ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

ጓጉንቸር የሚሰብር ሌባ ጥቂት ነው። የሚሰብረው ጓጉንቸሩ የገባበትን ቀለበት ነው። ቀለበቱ ብዙ ጊዜ ከቀጭን ፌሮ ተቆርጦ በሁለት ነጥብ ብየዳ ብቻ የተያዘ ነው። ሌባው ወፈር ያለ ፌሮ ይከትበትና አንዴ ጠምዘዝ ያደርገዋል። ቀጭ! አለቀ። ያን ሁሉ ብር ያወጣህበት ጓጉንቸር እንደተቆለፈ መሬት ላይ ታገኘዋለህ።

በያጁን ወፍራም ብረት አድርግልኝ፣ ዙሪያውንም ሙሉ በሙሉ በይደው በለው። ማጠፊያውንም እየው። ወደ ውጭ ከሆነ መሐሉ ያለው ዘንግ ከታች በመዶሻ ተመትቶ ይወጣል፣ በሩም ቁልፉ ሳይነካ በዚያ በኩል ይከፈታል። የዘንጉን ጫፍና ጫፍ ማስበየድ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ትልቁ ጉድ ግን መቃኑ ላይ ነው። የጭቃ ቤት ላይ በጭቃ ብቻ የተጣበቀ መቃን ከነበሩ ተነቅሎ ሲወጣ አይቻለሁ። ለላሜራው ከምታወጣው ብር ቀንሰህ መቃኑን በሲሚንቶና በብረት ከግድግዳው ጋር አስይዘው።

ከጠባሴ፣ ተከራይ፦ ቤቱ የጭቃ ነው፤ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው። ክረምት ላይ ጎረቤቴ ቤት በጣሪያ ገቡ። ማንም አልሰማም።

አይሰማማ! ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳን ሚስማር ሲነቀል፣ ሰው ሲጠራህም አትሰማም። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ውርጩ ስለሚከብድ ሁሉም ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይተኛል፤ መንገዱም ጭር ይላል።

ቆርቆሮ የሚነሳው ከጠርዙ ነው። እዚያ ጋ ረጅም ሚስማር ተመትቶ፣ ማገሩን በስቶ የወጣው ጫፍ ከውስጥ ይታጠፍ። ያኔ ከላይ በቀላሉ አይነቀልም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኩበት ከግድግዳ አስጠግታችሁ አትከምሩ። ለሌባ መሰላል ነው። እንጨትም፣ ድንጋይም፣ የውሃ በርሜልም ያው ነው። የግድግዳው ሥር በዝናብ ከራሰ ደግሞ በቀላሉ ይቆፈራል፤ ከበጋው ጀምሮ ድንጋይ አስደግፉት።

አከራይህን ቁልፉን እንዲቀይር ጠይቀው። ከአንተ በፊት የነበረው ተከራይ፣ ከእሱ በፊትም የነበረው፣ ቅጂውን ይዞ ሄዶ ሊሆን ይችላል። አሻፈረኝ ካለ በራስህ ብር ቀይርና አሮጌውን ስትለቅ መልሰህ ግጠምለት።

ከሸዋ ሮቢት፦ እኛ ጋ ሙቀት ነው። መስኮት ዘግቶ መተኛት አይታሰብም።

የብረት ፍርግርግ አስገጥም። መስኮቱ ክፍት ሆኖ ያድራል። ስልክና ሱሪ ግን መስኮት አጠገብ አትስቀል፤ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ በታሰረ ሽቦ ስበው ያወጡታል። ደጅ የሚተኛም ሰው ስልኩን ትራስ ሥር አድርጎ ተማምኖ አይተኛ።

ከመሐል ሜዳ፦ እኛን የሚያስጨንቀን በግ ነው። በዓል ሲደርስ ከጋጣ ይወስዱብናል።

የበግ ሌባ ገበያው ቅርብ ነው፤ ሌሊት የወሰደውን ረፋድ ላይ ይሸጠዋል። በጋችሁን በማይለቅ ቀለም ወይም በጆሮ ምልክት ለዩት፤ ጎረቤትም ምልክታችሁን ይወቅ። የጋጣው በር ወደ ቤታችሁ የሚከፈት ቢሆን ይመረጣል። ከጠፋ ፍለጋ ሁላችሁም ወደ ሜዳ አትበተኑ፤ ሁለት ሰው ጎህ ሳይቀድ ወደ ገበያው መግቢያ ይሂድ።

ከደብረ ብርሃን፣ ሱቅ ያለው፦ ሌባውን ይዘን ለፖሊስ ሰጠን። በሦስተኛው ቀን ሰፈር ሲዘዋወር አየነው። እንዲህ ከሆነ መያዙ ምን ዋጋ አለው?

ይህ ጥያቄ ከብዙ ሰው መጥቷል። ንዴቱ ይገባኛል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ፖሊስ ከዚያ በላይ የሚያቆየው ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድ ነው። ዋስትናም መብት ነው። ስለዚህ ሰውዬው ወጣ ማለት ነፃ ወጣ ማለት አይደለም፤ መዝገቡ ሊቀጥል ይችላል።

የሚቀጥለው ግን ምስክር ካለ ነው። ብዙ መዝገብ ሲሞት ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ያን ቀን ሃምሳ ሰው ከቦ «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ነበር። ለቃል ሲጠራ አንዱ «እኔ ከሩቅ ነበርኩ» ይላል፣ ሌላው «ቂም ይዞ ቢመጣብኝስ?» ይላል። ፖሊስም አንዳንዴ ይለግማል፣ አልክድም። መርማሪው ቢለግም መዝገቡ የት ደረሰ እያሉ አለቃውን፣ ዐቃቤ ሕጉንም መጠየቅ ይቻላል። ምስክር የሌለውን መዝገብ ግን ጎበዝ መርማሪም አያነሳውም።

ቅጣቱ ቀላል አይደለም። ሰብሮ መግባት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 669 ከባድ ስርቆት ነው፤ ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። እዚያ የሚያደርሰው ማስረጃ ነው። ቤታችሁ ተሰብሮ ስታገኙት ወዲያው አትግቡ። እኛ ጋ የተለመደውን ታውቁታላችሁ፤ ጎረቤት «አይዞሽ» ለማለት ይገባል፣ አንዷ ታነሳለች፣ አንዷ ትጠርጋለች፣ ቡና ይፈላል። ፖሊስ ሲደርስ ቤቱ ለእንግዳ የተዘጋጀ ይመስላል። የእግር ዱካውም የጣት አሻራውም በመጥረጊያ ተጠርጓል።

ከቀበሌ 08፦ ፖሊስ ጣቢያ የተያዘ ዕቃ አለ ተብዬ ሄድኩ። ቴሌቪዥኔን አየሁት፤ ግን የአንተ መሆኑን አስረዳ አሉኝ። በዓይኔ እያወቅኩት!

አንተ ታውቀዋለህ። ከጎኑ የቆሙት አራቱም ግን ጥቁር ቴሌቪዥኖች ናቸው፣ የአራቱም ባለቤት «በዓይኔ አውቀዋለሁ» ይላል። መርማሪው ማንን ይመን?

ዛሬ ማታ ስልካችሁን አንሱ። የቴሌቪዥኑን፣ የላፕቶፑን፣ የፍሪጁን ጀርባ አዙራችሁ የሴሪያል ቁጥሩን ፎቶ አንሱት። ደረሰኙንም ጨምሩ። ፎቶውን ሌላ ቦታ ላለ የቤተሰብ ሰው ላኩት፤ ስልኩ አብሮ ቢሰረቅ ከንቱ ነው። ቁጥር የሌለው ዕቃ፣ ለምሳሌ ምጣድ ወይም የጋዝ ሲሊንደር፣ በማይታይ ቦታ በምስማር ጫር አድርጋችሁ ምልክት አድርጉበት። ዕቃው በኤግዚቢትነት፣ ማለትም በማስረጃነት፣ ተይዞ ከቆየም መዝገቡ እስኪያልቅ ዝም ብሎ መጠበቅ የለም፤ እንዲመለስልህ በጽሑፍ አመልክት።

ሌላም የምለው አለ። ገዢ ባይኖር ይህ ሁሉ ሌባ አይኖርም ነበር። በግማሽ ዋጋ፣ ያለ ደረሰኝ፣ በማታ የመጣ ቴሌቪዥን ከየት እንደመጣ ዋጋው ራሱ ይናገራል። «እኔ ምን ቸገረኝ» ብሎ የሚገዛ ሰው ነገ የራሱ ቤት ሲሰበር ያለቅሳል። የተሰረቀን ዕቃ እያወቁ መግዛት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ላይ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። እኔ በግሌ ከሌባው ይልቅ የምናደደው በገዢው ነው።

ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ ተማሪ፦ ስልኬም አብሮ ሄደ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ሲሙን አዘጋ፣ በሌላ ስልክ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውል። ቀጥሎ ቴሌብር 127፤ የንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆንክ 951። ይህን ከለቅሶው በፊት አድርገው፤ ሌባው ከስልኩ በላይ የሚፈልገው ውስጡ ያለውን ብር ነው። ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ያለ ደግሞ *#06# ብላችሁ የሚመጣውን 15 አሃዝ አሁኑኑ ጻፉት። ስትከሱ ስልኩን ለመለየት ይጠየቃል።

ስሙን መጥቀስ ያልፈለገ፦ አጥሬ ላይ በሽቦ ኤሌክትሪክ ልለቅበት አስቤያለሁ። በግቢዬ ማን ይጠይቀኛል?

እንዳታደርገው! ወንድሜ፣ ያ ሽቦ ሌባ ለይቶ አይዝም። ኳሱን ፍለጋ አጥር ላይ የወጣ የጎረቤት ልጅ፣ ማታ የሸና ሰካራም፣ ልብስ የምታሰጣ ሚስትህ ሁሉም አንድ ናቸው። ሰው ከሞተበት የምትጠየቀው በሰው መግደል ነው።

«ሌባ ቤቴ ቢገባ ብመታውስ?» ላላችሁም መልሱ ከዚህ አይርቅም። የወንጀል ሕጉ ራስን መከላከልን ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 78 ነው። ልኩ ግን ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ፌሮ ይዞ የመጣብህን መመከት አንድ ነገር ነው። ሮጦ አጥር ሲዘል ከኋላ መምታት፣ ተይዞ የታሰረን ሰው በድንጋይ መቀጥቀጥ ሌላ ነገር ነው። እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ማንም ሰው ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል። እዚያ ላይ አቁሙ። ደግሞ የሞተ ሌባ ዕቃችሁን ለማን እንደሸጠው አይናገርም።

ከደብረ ሲና፦ ወርቄ ጠፋ። አዋቂ ቤት ሄጄ ጠየቅኩ፤ «የቤት ሠራተኛሽ ናት» አለኝ። ምን ላድርጋት?

ምንም አታድርጊያት። ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ይጠጣና ወገቡን በገመድ ታስሮ ይለቀቃል። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይከፍላል። ስንት ንጹሕ ሰው ዕዳ ከፍሎበታል! የአዋቂ ተብዬው ነገር የዚያው ዘመድ ነው። ብርሽን ተቀብሎ በቤትሽ ውስጥ ያለችውን ድሃ ይጠቁማል፤ እሷን መገመት ምን ያቅታል?

የምትጠረጥሪበት እውነተኛ ምክንያት ካለሽ ለፖሊስ ተናገሪ። ለወደፊቱ ሰው ስትቀጥሪ በደላላ ቃል ብቻ አትቅጠሪ፤ መታወቂያዋን እይ፣ ተያዥ ጠይቂ። ሻንጣ መበርበርና መምታት ግን አንቺኑ ተከሳሽ ያደርግሻል።

ከቀበሌ 06፦ ከተማው በአዲስ ሰው ተሞላ። ሌብነቱ ከነሱ ጋር የመጣ አይመስልህም?

አይመስለኝም። በእኔ ጊዜ ከያዝናቸው ስንቶቹ የሰፈሩ ልጆች ነበሩ፤ እናታቸውንም አውቃታለሁ። አንዱ ሰፈር ሌላውን ሲጠረጥር የሚጠቀመው ሌባው ነው። ቆራሌውንም ልዋጩንም እንዲሁ፤ አብዛኛው ለፍቶ አዳሪ ነው። ደጅ ላይ ተገበያዩት፣ ግቢ አታስገቡት። በቃ።

ሮንድ እናቋቁም ብለን ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሠርቶ ፈረሰ። ለምን?

የሁሉም ሰፈር ሮንድ የሚፈርሰው በተራ ነው። ሀብታሙ «ብር እከፍላለሁ» ብሎ ይተኛል፣ ድሃው በብርድ ያድራል፣ ከዚያ ድሃውም ይተኛል። መዋጮ ሰብስቦ ሁለት ቋሚ ጥበቃ በደመወዝ መቅጠር ይሻላል። እድሩ ይሰብስብ፤ ደብተሩ ዝግጁ ነው፣ ሰውም ለእድር መክፈል ለምዷል። ጥበቃው ካፖርትና ባትሪ ይሰጠው፤ በታኅሣሥ ውርጭ ባዶ እጁን የቆመ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አረቄ ቤት ብታገኙት አትፍረዱበት። ከፖሊስ ጋርም ተነጋገሩ። ሰዓት እላፊ ባለበት ጊዜ ያልታወቀ ሮንድ ራሱ ሊታሰር ይችላል።

ካሜራ ይሻላል ወይስ ውሻ?

ካሜራ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ባትሪ ያለው ካልሆነ ጌጥ ነው። ብትገጥሙም በር ላይ፣ ፊት በሚታይበት ቁመት ይሁን፤ የባርኔጣ ፎቶ ይዞ ጣቢያ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ውሻ ጥሩ ነው፣ ከማንም እጅ የማይበላ ከሆነ።

ከጠባሴ፣ ብቻዋን የምትኖር እህት፦ ሌሊት የጎረቤቴን በር ሲሰብሩ ሰማሁ። ፈርቼ አልወጣሁም። እስካሁን ይጸጽተኛል።

መውጣት የለብሽም እህቴ። መብራትሽን አብሪ፣ ቤት ውስጥ ሆነሽ ጩኺ፣ ምጣድም ቢሆን ደብድቢ። ሌባ ሲታወቅበት ይሮጣል። ከዚያ ደውይ። የቅርብ ጣቢያሽን የተረኛ ስልክና የቀጣናሽን ፖሊስ ቁጥር ነገ ጠዋት ሄደሽ ተቀበይ፤ በስልክሽ ላይ መጀመሪያ እንዲመጣ «ሀ ፖሊስ» ብለሽ መዝግቢው። ለጎረቤትሽም ስጫት።