ጣሪያዋ የሚታጠፈው 404፦ የድሬና የሐረር ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ አሮጌ ፔጆዎች በጥቂቱ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። የሚገርመው፣ አብዛኛው ጥያቄ ስለ አንዲት መኪና ነው፤ ጣሪያዋ ወደኋላ ስለሚታጠፈው 404 ካብሪዮሌ። ደጋግማችሁ የጠየቃችሁትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

«ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ሸራ ለብሳ የቆመች ክፍት 404 አግኝቻለሁ። የሐረር ታክሲ 404 አይደል? መካኒኩም ዕቃውም ሞልቷል ብዬ ልገዛት ነው። ተሳሳትኩ?» (ከሳቢያን)

ግማሹን ልክ ነህ አቦ። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ከባለ አራት በሯ 404 ጋር አንድ ነው። ካምቢዮውም፣ ዲፈረንሻሉም እንደዚያው። ሐረር ላይ ዕድሜውን 404 ታክሲ ሲፈታ የኖረ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራልሃል።

ጉዱ ያለው ላሜራው ላይ ነው። ሁለቱንም የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ቢሆንም፣ የካብሪዮሌዋ አካል ለብቻው ቱሪን ውስጥ የተሠራ ነው። በሩ፣ ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎው፣ የፊት መስታወቱ፣ አንዱም ከታክሲዋ አይገጥምም። 404 በጠቅላላው ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ክፍቷ ግን እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1968 ድረስ ብቻ፣ ያውም ወደ 10 ሺህ ገደማ። ስለዚህ ሞተሩ ተነሣ አልተነሣ ብለህ አትጨነቅ። የፊት መስታወቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ያን ጊዜ ተጨነቅ።

ስታያት እንዲህ አድርግ። በአንድ ጎኗ ክሪክ አስገብተህ ጎማው ከመሬት እስኪለቅ አንሣት። ከዚያ በሩን ክፈትና ዝጋ። ጣሪያ ያላትን መኪና ጣሪያዋም አብሮ ይሸከማታል። ይህችን ቀጥ አድርጎ የያዛት ወለሏና ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ብቻ ነው። እሱ ከተበላ መኪናዋ መሃሏ ላይ ትጎብጥና በሩ ይነክሳል፤ ወይ አይከፈትም፣ ወይ አይዘጋም። በሩ እንደ ፍሪጅ በር ቀስ ብሎ ከገጠመልህ ደግ ነው። ቀጥለህ የድሮ ስፒከር ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ ከበሩ ሥር አስኪድ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው፤ ላሜራው ተበልቶ በልስን ተደፍኗል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ድሬ ብረት አትበላም። የምትበላው ጉሚኒና ሸራ ነው። ጅቡቲ ባሕር ዳር ዓመታት የቆየች መኪና ከሆነች ግን ወለሉን ሁለት ጊዜ እይ።

«ሊብሬው በሟች አባት ስም ነው። ልጁ “ችግር የለም፣ እኔ እፈርምልሃለሁ” ይላል።» (ከለገሃሬ)

ችግር አለ። አንድ ልጅ ብቻውን አይሸጥልህም። በፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይውጣ፤ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርሙ ወይም ውክልና ይስጡ። ውሉም ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይሁን። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት የሻሲና የሞተር ቁጥሩን ራስህ ጎንበስ ብለህ ከሊብሬው ጋር አስተያይ። ካናዳ ያለች እህት ከአምስት ዓመት በኋላ ብቅ ብላ «የአባቴ መኪና የት አለች?» ብትል የሚከሰሰው ደላላው አይደለም።

«ዲፈረንሻሏ ያፏጫል። ጋራዡ 90 ቁጥር ዘይት እንሙላበት ይላል።» (ከሐረር)

ቁም! ይህቺን በራሴ ኪስ ነው የተማርኳት። ከዓመታት በፊት ባለ አራት በር 404 ነበረችኝ። ስሙን የማልጠራው ጋራዥ ለማንኛውም መኪና የሚሸጠውን የዲፈረንሻል ዘይት ሞላልኝ። እኔም አመስግኜ ሄድኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ማፏጨት ጀመረች። ዘይቱን በሳፋ ስናፈሰው ፀሐይ ላይ ብልጭ ብልጭ አለ፤ የወርቅ ብናኝ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። መካኒኩ በጣቱ ነክቶ አየኝና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጥርሱ ነው» አለኝ።

የ404 ዲፈረንሻል እንደ ሌላው አይደለም። በብሎን መልክ የተጠረበ ብረት የነሐስ ጥርስ ያዞራል። ዘመናዊው የዲፈረንሻል ዘይት ደግሞ ለብረት ጥርስ ተብሎ ሰልፈር ያለበት ቅመም ይገባበታል። ያ ቅመም ነሐስን ይበላል። ስለዚህ ዘይት ሻጩን «ለነሐስ ጥርስ የሚሆን» ብለህ ጠይቀው። ካላወቀ ሌላ ሱቅ ሂድ። ካምቢዮዋ ደግሞ የሚፈልገው የሞተር ዘይት ነው፤ ይህንንም ወጣት መካኒክ አያምንህም። አጠገቡ ቁም።

«ባለ ካርቡሬተሯ ትሻላለች ወይስ ባለ ኢንጄክሽኗ?» (ከገንደ ቆሬ)

አውሮፓ ውስጥ ሰብሳቢ የሚሻማው በባለ ኢንጄክሽኗ ነው። ጉልበትም አላት። እዚህ ግን ያንን ቤንዚን የሚረጨውን የድሮ ኩገልፊሸር ፓምፕ የሚያስተካክል እጅ ከየት ታመጣለህ? ባለ ካርቡሬተሯን ያዝ። እሷም ብትሆን በድሬ ቀትር አቁመሃት ስትመለስ አልነሣም ልትል ትችላለች። ቤንዚኑ በሙቀት ተንኖ ነው። እርጥብ ጨርቅ ቤንዚን ፓምፑ ላይ ጣል አድርግና አንድ ሻይ ጠጥተህ ና።

«ሸራው ተበጣጥሷል። መኪና ግርግር ወስጄ ላሰፋው?» (ከጀጎል)

ሳቅ አልኩ። ያ የጀጎል መንገድ መኪና ግርግር የተባለው እኮ በልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ነው! እነዚያ ልብስ ሰፊዎች ቀሚስ ይወጣላቸዋል። ይሄ ወፍራም ሸራ ግን መርፌያቸውን ይሰብራል። የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ወይም የመኪና ወንበር የሚያለብስ ባለሙያ ፈልግ። ዋናው ነገር፣ አሮጌውን ሸራ እንዳትጥለው። ስፌቱ ተፈትቶ መሬት ላይ ሲዘረጋ ልኩ እሱ ነው። የሚታጠፈውን የብረት አጥንቱንም ማንም እንዳይነካካው። አንዴ ከጠመመ ዝናብ አንገትህ ላይ ይወርዳል።

«ወንድሜ ፈረንሳይ ነው። ከዚያ ንጹሕ ገዝቶ ቢልክልኝስ?» (ከድሬዳዋ)

አይሆንም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም ቢሆን የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ይጥል ነበር። ከመኪናዋ ይልቅ ቀረጡ ነው የሚገዛህ። ወንድምህ የበር ጉሚኒና የፍሬን ጎማ ሻንጣው ውስጥ ይዞልህ ይምጣ። ከመኪና የበለጠ ውለታ ነው።

«ባለቤቴ ቪትሷን ሽጦ ይህቺን ሊገዛ ነው። ሦስት ልጆች አሉን። ምን ልበለው?» (ከነምበር ዋን)

እህቴ፣ ቪትሷ አትሸጥ። የክፍቷ የኋላ ወንበር ለሁለት ልጅም ጠባብ ነው፤ ሦስተኛው የት ሊሆን ነው? ከላይም ብትገለበጥ የሚይዝ ምንም የለም። ክፍት 404 ሁለተኛ መኪና ናት፤ ብቸኛ መኪና አትሆንም። ቪትሷን ሳይነካ መግዣ ካገኘ ግን ተይው፣ ይግዛ። ቢያንስ ቅዳሜን ጋራዥ ይውላል፤ የት እንዳለ ታውቂያለሽ።

«ለጥር ሰርግ ባከራያትስ? ገንዘቧን ትመልሳለች?» (ከሳቢያን)

ፎቶ ላይ ታምራለች፤ ተከራይም አታጣም። ግን የሰርግ አጀብ ለአሮጌ ሞተር ከዳገት ይከፋል። በእግር ፍጥነት፣ ከኋላ ጥሩምባ፣ ከፊት ጭፈራ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። የ404 ማራገቢያ ሞተሩ ሲሞቅ በኤሌክትሪክ ማግኔት ተይዞ የሚዞር ነው፤ ሳይያዝ ከቀረ ሙሽሪት በእንፋሎት መሃል ትቀራለች። ከሰርጉ በፊት ሞተሩን አስነሥተህ እስኪሞቅ ጠብቅና ማራገቢያው ሲነሣ በጆሮህ ስማው። ካልያዘ ሁልጊዜ እንዲዞር አጥብቀህ እሰረው። ቬሎውም ረጅም ከሆነ ከኋላ ጎማ ይራቅ። ሚዜዎቹ በባጃጅ ይከተሉ።

«ጣሪያዋን ከፍቼ ከድሬ ሐረር ብነዳስ?» (የኒም ዛፏ መኪና ባለቤት ለመሆን የቋመጠው ወንድማችን በድጋሚ)

ንዳ እንጂ! ለዚህ አይደል የምትገዛት? ፀሐይ በረድ ሲል፣ አሥር ሰዓት ገደማ ተነሣ። ፍሬንህን አስፈትሽ፤ ሽቅቡ ሞተር ይፈትናል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ፍሬን። የጫት መኪና ከኋላ ክላክስ ካደረገ አትፎካከረው፤ ዳር ይዘህ አሳልፈው። ደንገጎ ስትደርስ ነፋሱ ይቀየራል። ድሬ በሸሚዝ የወጣ ሰው እዚያ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ጋቢ ከኋላ ወንበር ላይ ይኑር።