መልስ፦ ሽሪምፑ እንዳይጠጥርብሽ
እህቴ፣ ለ6 እንግዳ የአሜሪካዋን የሳውዝ ካሮላይና ግዛት የሽሪምፕ (ቅርፊት ያለው ትንሽ የውሃ እንስሳ) ቅቅል ልትሠሪ አስበሽ፣ ባለፈው ሽሪምፑ እንደ ጎማ የሆነብሽ ለምን እንደሆነ ጠይቀሻል። ሁሉንም በአንዴ ድስት ውስጥ ስለከተትሽው ነው። እዚህ ምግብ ላይ ዋናው ነገር ተራ መጠበቅ ነው።

ትልቅ ድስት ውስጥ 5 ሊትር ያህል ውሃ፣ ግማሽ ኩባያ ኦልድ ቤይ የሚባለው የአሜሪካ ድብልቅ ቅመምና ለሁለት የተከፈለ ሎሚ ጨምረሽ አፍዪ። መጀመሪያ 1 ኪሎ ትንንሽ ድንች ከነልጣጩ፣ ለ15 ደቂቃ። ቢላ ሲገባለት የተቆራረጠ የበቆሎ እሸትና ቋሊማ ጨምሪና 5 ደቂቃ ጠብቂ። ቋሊማው ብዙ ጊዜ የአሳማ ነው፤ የማይበላ እንግዳ ካለሽ የበሬ ግዢ።

ሽሪምፑ መጨረሻ ነው፤ 1 ኪሎ ተኩል፣ ከነቅርፊቱ። እዚህ ላይ ከምድጃው እንዳትርቂ! ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ግራጫው ቀለም ወደ ሮዝ ሲቀየር፣ ሥጋው ነጣ፣ ጎበጥ ሲል ወዲያው አውጥተሽ አጠንፍፊው። ጥቅልል ብሎ ቀለበት ከሠራ አልፎበታል። የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት ሰዎች ክሮፊሽ (ሽሪምፕ መሰል የወንዝ እንስሳ) ሲቀቅሉ እሳቱን አጥፍተው ቅመሙ ውስጥ ያቆዩታል፤ ሽሪምፕን ግን እንደዚያ አታድርጊው።

ሳህን አያስፈልግም። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ወረቀት አንጥፈሽ ገልብጪው፣ በእጅ ብሉ። የቀለጠ ቅቤ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ አቅርቢ። እኔ ሚጥሚጣም ጣል አደርግበታለሁ፣ ግሩም ነው! ብቻ እንግዶችሽን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ከእኛ ሰው ሽሪምፕ የማይበላ ብዙ ነው፣ አለርጂ ያለበትም አይጠፋም።